ስማቸው በነሐስ ላይ የቀረ ንጉሥ፦ የሹዋንዴ ሕይወትና የቻይና የእጣን ማጨሻዎች

መግቢያ

የቻይና የነሐስ እጣን ማጨሻ እጁ የገባ ሰው ዕቃውን ገልብጦ ሥሩን ቢያይ፣ ብዙውን ጊዜ በአራት ማዕዘን ክፈፍ ውስጥ የተቀረጹ ስድስት የቻይና ፊደላት ያገኛል። ፊደላቱ ዕቃው በታላቁ የሚንግ ሥርወ መንግሥት፣ በሹዋንዴ ዘመን እንደተሠራ ይናገራሉ። ይህ ጽሑፍ በትልልቅ ሙዚየሞች በመስታወት ውስጥ በተቀመጡ ማጨሻዎች ላይ አለ፤ ትናንት ተሠርቶ ለቱሪስት በሚሸጠውም ላይ አለ። ሹዋንዴ ግን የነገሡት አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ነው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ማጨሻ ከየት መጣ? ለመሆኑስ ሹዋንዴ ማን ናቸው?

በዚህ አጭር ጽሑፍ የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት እንቃኛለን፤ በዚያውም ስማቸው ከማጨሻው ጋር እንዴት እንደተጣበቀ እናያለን። ለታሪክና ለቅርስ ተማሪ ነገሩ ትልቅ ቁም ነገር አለው። በአንድ ዕቃ ላይ የተጻፈ ስም ማስረጃ ነው ወይስ መጣራት ያለበት ወሬ? ይህ ጥያቄ እንደዚህ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ልደትና አስተዳደግ

ሹዋንዴ የሰው ስም ሳይሆን የዘመን ስም ነው። የሚንግ ነገሥታት ዙፋን ላይ ሲወጡ ለዘመነ መንግሥታቸው መጠሪያ ያወጡ ነበር፤ ታሪክም በዚያው ያስታውሳቸዋል። የኚህ ንጉሥ የትውልድ ስም ዡ ዣንጂ ነው። ዡ የቤተሰቡ ስም ሲሆን በቻይናውያን ልማድ ቀድሞ ይጠራል። የተወለዱት በ1399 በዛሬዋ ቤጂንግ ነው። ያኔ ዋና ከተማው ናንጂንግ ነበር፤ ቤጂንግ ገና ቤይፒንግ የምትባል የሰሜን ከተማ ስትሆን አያታቸው ዡ ዲ በልዑልነት ተቀምጠውባታል።

ስለ ልደታቸው አንድ አፈ ታሪክ ይነገራል። ከመወለዳቸው በፊት በነበረው ሌሊት አያታቸው ሕልም አዩ፤ በሕልማቸው የሥርወ መንግሥቱ መሥራች የሆኑት አባታቸው፣ ዘር ማንዘራቸው እንደሚጸና የተጻፈበት የከበረ ድንጋይ ሰሌዳ ሰጧቸው። ሕልሙ እውነትም ይሁን የኋላ ፈጠራ፣ በዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ በዕቃ ላይ የተጻፈ ቃል ምን ያህል ይከበር እንደነበር ያሳያል።

ዡ ዣንጂ በተወለዱበት ዓመት አያታቸው በነገሠው የወንድማቸው ልጅ ላይ ጦር አነሡ። ጦርነቱ ሦስት ዓመት ፈጅቶ በ1402 በአያትየው ድል አለቀ፤ ዡ ዲም ዮንግሌ ተብለው ነገሡ። ዮንግሌ ኃይለኛ ንጉሥ ነበሩ። ዋናውን ከተማ ወደ ቤጂንግ ያዛወሩት፣ በ1420 የተጠናቀቀውን ዝነኛውን የተከለከለ ከተማ የሚባለውን ቤተ መንግሥት ያሠሩት፣ የዠንግ ሔን መርከቦች ወደ ህንድ ውቅያኖስ የላኩት እሳቸው ናቸው።

ዮንግሌ የበኩር ልጃቸውን፣ ማለትም የዡ ዣንጂን አባት፣ ብዙም አይወዷቸውም ነበር። አባትየው ወፍራም፣ በሽተኛና መጽሐፍ ወዳድ ናቸው፤ አያት ደግሞ ፈረስና ዘመቻ ነው የሚወዱት። የልጅ ልጃቸውን ግን ከልብ ወደዱ። በ1411 የወራሽነት ማዕረግ ሰጧቸው፤ በ1414 ደግሞ በሞንጎሊያ ዘመቻ ላይ ይዘዋቸው ሄዱ። እንዲህ ሆኖ ልጁ ከአያታቸው ጦርነትን፣ ከአባታቸው መጽሐፍን ተማሩ። ሁለቱም በኋላ በሥራቸው ላይ ታይተዋል።

ዙፋኑና አጎትየው

ዮንግሌ በ1424 ከመጨረሻው የሞንጎሊያ ዘመቻ ሲመለሱ መንገድ ላይ ሞቱ። ልጃቸው ሆንግሺ ተብለው ቢነግሡም አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው በ1425 ዐረፉ። ዡ ዣንጂ በዚያን ጊዜ ናንጂንግ ነበሩ። በጥድፊያ ወደ ቤጂንግ ተመልሰው በሃያ ስድስት ዓመታቸው ዙፋኑን ያዙ። የሹዋንዴ ዘመን በይፋ የሚቆጠረው ከ1426 ጀምሮ ነው።

ገና ከመንገሣቸው አጎታቸው ዡ ጋኦሹ በሻንዶንግ ግዛት ሸፈተ። አባቴ ከወንድሙ ልጅ ላይ ዙፋን ከቀማ እኔስ ምን ያንሰኛል የሚል ስሌት ሳይኖረው አልቀረም። አዲሱ ንጉሥ ግን ጦሩን ራሳቸው መርተው ከተማውን ከበቡ፤ አጎትየውም ብዙ ሳይዋጋ እጁን ሰጠ። መጀመሪያ በእስር ብቻ ታለፈ። የኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ግን፣ አንድ ቀን ንጉሡ እስረኛውን ሊያዩ ሲሄዱ አጎትየው እግሩን ዘርግቶ ጣላቸው። ንጉሡም በንዴት ወደ 180 ኪሎ የሚጠጋ የነሐስ ጋን እንዲደፋበት አዘዙ። ሰውየው ጉልበተኛ ስለነበር ጋኑን ከነክብደቱ አነሣው ይባላል። በዚህ ጊዜ ከጋኑ ላይ ከሰል ተከምሮ ተለኮሰ፤ ነሐሱ እስኪቀልጥ ድረስም ነደደ። ስማቸው ከለስላሳ የነሐስ ማጨሻ ጋር የሚጠራው ንጉሥ በሕይወታቸው ይህንንም ነሐስ ያውቃሉ።

ጦርን ያሳጠሩ ንጉሥ

ይህን ጭካኔ ብቻ ይዘን ንጉሡን ብንፈርድባቸው ግን ሚዛናዊ አንሆንም። የአሥር ዓመቱ ዘመን በሚንግ ታሪክ ከተረጋጉት አንዱ ነው። ያንግ የሚባል የቤተሰብ ስም ያላቸውን ሦስት አንጋፋ ባለሥልጣናት፣ ያንግ ሺቺን፣ ያንግ ሮንግንና ያንግ ፑን፣ አማካሪ አድርገው ያዙ፤ ምክራቸውንም ይሰሙ ነበር። አያታቸው በ1407 የያዙት ቬትናም በሌ ሎይ መሪነት ሲያምፅ፣ ሹዋንዴ በ1427 ጦራቸውን ከዚያ ለማስወጣት ወሰኑ። የአያትን ድል መመለስ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሰውና ገንዘብ የሚበላ ጦርነት ቆመ። በሱዙ አካባቢ ገበሬውን ያንገሸገሸው ከባድ ግብር እንዲቀነስም አዲስ አስተዳዳሪዎች ተላኩ።

በቤተሰብ ጉዳይ ግን ስማቸው አይነሣም። በ1428 ምንም ጥፋት ያልተገኘባቸውን እቴጌ ሁን ሽረው ወንድ ልጅ ወለዱልኝ ያሏቸውን ሱንን እቴጌ አደረጉ። በኋላ በዚህ ተጸጽተዋል ይባላል።

ሥዕል፣ ሸክላና ነፍሳት

ሹዋንዴ ከሚንግ ነገሥታት ሁሉ በሥዕል ችሎታቸው የሚበልጣቸው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1427 የሣሏቸው ዝንጀሮዎች ዛሬ በታይፔ ብሔራዊ የቤተ መንግሥት ሙዚየም፣ በዚያው ዓመት የሣሏቸው ሁለት ቀጫጭን አዳኝ ውሾች ደግሞ በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ። በጂንግደዠን ከተማ በዘመናቸው የተሠራው ሰማያዊና ነጭ ፖርሴሊን ሸክላ በዓለም ጨረታ ላይ እስከ ዛሬ ከሁሉ ተመራጭ ከሚባሉት ነው።

አንድ ደካማ ጎናቸውም እንዲሁ ይታወቃል። ሌሊት ሌሊት የሚጮኸውን፣ ፌንጣ የሚመስለውን ትንሽ ነፍሳት ማዋጋት ይወዱ ነበር። ለሱዙው አስተዳዳሪ ለኩዋንግ ዦንግ አንድ ሺህ ያህል እንዲልክ ማዘዛቸው ተጽፏል። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን የኖረው ደራሲ ፑ ሶንግሊንግ ይህን ይዞ፣ ለቤተ መንግሥት ነፍሳት ማቅረብ ያቃተው ድሃ ቤተሰብ የደረሰበትን ፍዳ የሚተርክ ታሪክ ጽፏል። የንጉሥ ጨዋታ ከታች ያለውን ሰው ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ ይታያል።

እጣኑ ከየት ይመጣ ነበር?

በ1430 ሹዋንዴ ዠንግ ሔን ለሰባተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ባሕር ላኩ። መርከቦቹ ሆርሙዝ ደርሰው በ1433 ተመለሱ። በዚህ ጉዞ ከተካፈሉት አንዱ አስተርጓሚው ማ ሁዋን ነው፤ ያየውንም በመጽሐፍ አስፍሯል። በደቡብ ዓረቢያ የዱፋር ሰዎች ለጸሎት ከመሄዳቸው በፊት ታጥበው፣ ማጨሻ ላይ ቆመው ልብሳቸውንና ገላቸውን እንደሚያጥኑ ይነግረናል። ይህ ለእኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የዱፋር ነዋሪዎች እጣን እያመጡ በቻይና ሐርና ሸክላ ይለውጡ እንደነበርም ጽፏል። የእጣን ዛፍ በደቡብ ዓረቢያና በእኛው በአፍሪካ ቀንድ የሚበቅል ስለሆነ፣ በቻይና ማጨሻ ውስጥ ከጨሰው መካከል የዚህ አካባቢ ሙጫ እንደነበረበት አያጠራጥርም።

የቻይናው አጫጫስ ግን ከእኛው ይለያል። እኛ እጣኑን ፍም ላይ በትነን ጭሱ ቤቱን እንዲሞላው እናደርጋለን። የቻይና ሊቃውንት ደግሞ ፍሙን በማጨሻው ውስጥ ባለ ድቅቅ አመድ ይቀብሩትና ከላዩ ስስ ሰሌዳ ያደርጋሉ፤ መዓዛማውን እንጨት ሰሌዳው ላይ ያስቀምጡታል። እንጨቱ ሳይነድ ይሞቃል፤ ጭሱ ጥቂት፣ መዓዛው ግን ብዙ ነው። ለዚህም ነው ዝቅ ያለ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ባለ ሁለት ጆሮና ባለ ሦስት እግር ማጨሻ የተመረጠው። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ከመጽሐፍና ከብሩሽ አጠገብ ስለሚቀመጥ እጅ ሲነካው ደስ የሚል መሆን አለበት። ቅርጽ ሳይበዛበት በቀለሙና በልስላሴው የሚደነቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

የነሐሱ ማጨሻ ታሪክና የሞተው ደራሲ

ወደ ዋናው ጉዳያችን ስንመጣ፣ ለብዙ ዘመን ሲተረክ የኖረው ታሪክ የሚከተለው ነው። በ1428 ሹዋንዴ የቤተ መንግሥቱና የመቅደሱ ማጨሻዎች እንደ ጥንቱ አለመሆናቸው አላስደሰታቸውም። ከሲያም፣ ማለትም ከዛሬዋ ታይላንድ፣ በገጸ በረከት የመጣ ምርጥ መዳብ ነበር። ንጉሡ የጥንት ነሐሶችን ሥዕልና የሶንግ ዘመን ሸክላዎችን አብነት አድርገው በሺዎች የሚቆጠሩ ዕቃዎች እንዲቀለጡ አዘዙ። መዳቡ ስንት ጊዜ ቢነጠር መልካም እንደሚሆን ባለሙያውን ጠየቁት፤ ስድስት ጊዜ ከተነጠረ እንደሚያበራ ነገራቸው። እሳቸውም አሥራ ሁለት ጊዜ ይነጠር ብለው አዘዙ። የማጨሻው ቀለም እንደ ሰው ቆዳ ለስላሳና ሕይወት ያለው የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው ይባላል።

ታሪኩ ያምራል። ምንጩ ስለ ሹዋንዴ የሥርዓት ዕቃዎች የተጻፈ አንድ ዝርዝር መጽሐፍ ሲሆን፣ አዘጋጁ የሥነ ሥርዓት ሚኒስትሩ ሉ ዠን እንደሆኑ ተጽፎበታል። ችግሩ ሉ ዠን የሞቱት በ1426 መሆኑ ነው። ከሞቱ ከሁለት ዓመት በኋላ የተደረገውን ሥራ እንዴት አድርገው መዘገቡት? በዚያ ላይ የዘመኑን የየዕለት ሥራ በሚዘግበው የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ውስጥ ይህን የሚያህል ትልቅ ሥራ አይገኝም። ፈረንሳዊው የቻይና ጥናት ሊቅ ፖል ፔሊዮ በ1936 ባሳተሙት ጽሑፍ መጽሐፉ በኋላ ዘመን የተፈጠረ መሆኑን ተከራክረዋል።

ብረቱ ራሱም ይመሰክራል። መዳብ ከቆርቆሮ ጋር ሲቀላቀል ነሐስ፣ ከዚንክ ጋር ሲቀላቀል ናስ ይሆናል። የሹዋንዴ ስም ካለባቸው ማጨሻዎች ብዙዎቹ ሲመረመሩ ዚንክ በብዛት አላቸው፤ ስለዚህ በትክክለኛ ስማቸው ናስ ናቸው። ዚንክ ለብቻው ወጥቶ በብዛት ከመዳብ ጋር መቀላቀል የተለመደው ደግሞ በሚንግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። ባጭሩ፣ ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ ማጨሻዎች ንጉሡ ከሞቱ ከመቶና ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተሠሩ ናቸው። በርግጠኝነት የሹዋንዴ ዘመን ነው ሊባል የሚችል የነሐስ ማጨሻ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

ታዲያ ሰዎች ለምን የእሳቸውን ስም መረጡ? በሚንግ ማብቂያ የነበሩ ሀብታሞችና ሊቃውንት የሹዋንዴን ዘመን እንደ ወርቃማ ዘመን ያዩት ነበር፤ ሰላም፣ ሥዕል የሚያውቅ ንጉሥ፣ ምርጥ ሸክላ የነበረበት ጊዜ ነዋ። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ስለ ጥሩ ዕቃ የጻፈው ዌን ዠንሔንግ ለዕለት አገልግሎት ከሁሉ የሚመቸው የሹዋንዴ ነሐስ ማጨሻ መሆኑን አስፍሯል። ፈላጊው ከበዛ ሠሪው ስሙን ይጽፋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። አንዳንዱ ገዢን ለማታለል ጻፈው፣ ሌላው ለአክብሮት ጻፈው። በዚያው ዘመን በሶንግጂያንግ የኖረው ሁ ዌንሚንግ የሚባል አንጥረኛ ግን የራሱን ስም በማጨሻዎቹ ላይ ይቀርጽ ነበር። እንደሱ ያደረጉት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ስማቸውን ለንጉሥ ሰጥተው እነሱ ተረሱ።

ኢናሜሉ፦ አባትና ልጅ

በኢናሜል ያጌጡት ማጨሻዎች ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። ባለሙያው በመዳብ ወይም በነሐስ ዕቃ ላይ ስስ የብረት ጥብጣቦችን እያጣመመ የአበባና የዘንዶ ሥዕል ያወጣል። በጥብጣቦቹ መካከል የተፈጠሩትን ትንንሽ ክፍሎች በተፈጨ ባለ ቀለም ብርጭቆ ይሞላቸዋል። ከዚያ ዕቃው እሳት ውስጥ ይገባል። ብርጭቆው ሲቀልጥ ስለሚጎድል እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይተኮሳል፤ በመጨረሻ ይሞረዳል፣ ጥብጣቦቹም በወርቅ ይቀባሉ። ጥበቡ ወደ ቻይና የገባው ከምዕራብ፣ በሙስሊሙ ዓለም በኩል፣ ሞንጎሎች በሚገዙበት ዘመን ነው። በ1388 የተጻፈ አንድ የቅርሳ ቅርስ መጽሐፍ እንዲህ ያለው ዕቃ ለሴቶች እልፍኝ እንጂ ለሊቅ ጠረጴዛ የማይስማማ መሆኑን ይገልጻል። በጣም ያሸበረቀ ነው ማለቱ ነው።

በዚህ በኩል የሹዋንዴ ስም በእውነት የእሳቸው ነው። ዘመናቸው በርግጠኝነት ከሚታወቁት የቻይና ኢናሜል ሥራዎች ቀደምቶቹ የሹዋንዴ ማኅተም ያለባቸው ናቸው። በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው 62 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ባለ ዘንዶ እንስራ ለዚህ ምሳሌ ነው። በላዩ ከንጉሡ ዘመን በተጨማሪ የቤተ መንግሥቱ አቅርቦት ክፍል ስም ተጽፏል።

ሕዝቡ ግን ይህን ጥበብ የሚጠራው በአባት ሳይሆን በልጅ ስም ነው። ቻይናውያን ኢናሜሉን የጂንግታይ ሰማያዊ ይሉታል። ጂንግታይ ደግሞ የሹዋንዴ ሁለተኛ ልጅ ናቸው። በ1449 ታላቅ ወንድማቸው በሞንጎሎች ሲማረኩ ዙፋን ላይ የወጡት፣ በ1457 ተሽረው በዚያው ዓመት የሞቱት። ዘመናቸው ችግር የበዛበት ነበር። ተመራማሪዎች እንዳሳዩትም የጂንግታይ ስም ካለባቸው ዕቃዎች ብዙዎቹ ከአሮጌ ዕቃ ክፍሎች ተገጣጥመው ስሙ በኋላ የተጨመረባቸው ወይም ከነጭራሹ በኋላ ዘመን የተሠሩ ናቸው። እንግዲህ ነሐሱን በአባት፣ ኢናሜሉን በልጅ ስም ጠርተን የሁለቱንም ባለሙያዎች ዘንግተናል ማለት ነው።

የመጨረሻ ጊዜ

ሹዋንዴ በጥር 1435 አጭር ሕመም ታመው በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ሞቱ። ከቤጂንግ በስተሰሜን ባለው የሚንግ ነገሥታት መካነ መቃብር፣ ጂንግሊንግ በተባለው ስፍራ ተቀበሩ። መቃብራቸው በአካባቢው ካሉት አነስተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ይሁንና በጊዜው በነበረው ልማድ አሥር ቁባቶቻቸው ንጉሡን ተከትለው እንዲሞቱ ተደረገ። ይህን ልማድ ያስቀሩት ልጃቸው፣ ያ በሞንጎሎች ተማርኮ የነበረው ንጉሥ፣ በ1464 ሊሞቱ ሲሉ ነው። ለንጉሡ መታሰቢያ እጣን ሲጨስ ኖሯል፤ ለእነዚያ ሴቶች ግን ማን እንዳጨሰላቸው ታሪክ አያነሣም።

ማጠቃለያ

የሹዋንዴን ሕይወት ስናየው ጭካኔም ደግነትም፣ ብሩሽም ሰይፍም ያለበት የአንድ ወጣት ንጉሥ ሕይወት ነው። ማጨሻው ላይ ያለው ሹዋንዴ ግን ሌላ ሰው ነው፤ የኋላ ትውልድ እንዲህ ያለ ንጉሥ ነበረን ብሎ የተመኘው ነው። ሁለቱን መለየት የእኛ ሥራ ነው።

ይህ ማለት ግን የሹዋንዴ ስም ያለበት የኋላ ዘመን ማጨሻ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ማጨሻው ስለ 1428 ባይነግረንም፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ሰዎች ምን ይወዱ እንደነበር፣ ምን እንደሚገዙና ያለፈውን ጊዜ እንዴት ያስታውሱት እንደነበር ይነግረናል። ጥያቄያችንን ካስተካከልን ሐሰተኛ ማኅተም እንኳ እውነተኛ ምስክር ይሆናል። ስለዚህ አንድ ዕቃ እጃችን ሲገባ ከሥሩ የተጻፈውን ማንበባችን መልካም ነው፤ ነገር ግን ብረቱን፣ ክብደቱን፣ አሠራሩን ካየን በኋላ ይሁን። ስሙን መጨረሻ ላይ እናንብበው። ያኔ ንጉሡም የራሳቸውን፣ ስሙ ያልተጻፈው አንጥረኛም የራሱን ድርሻ ያገኛሉ።